ስለ ላብራቶሪ ነጥብ ለጠየቀችኝ ተማሪና ለጓደኞቿ

ደሴ ላይ ሕክምና የምትማር አንዲት የፕሪክሊኒካል (ሆስፒታል ገብታ ሕሙማንን ማየት ገና ያልጀመረች) ተማሪ ሰሞኑን፣ «በማይክሮስኮፕ ያየሁት መምህሩ ከሚጠብቀው መልስ ጋር ካልተስማማ የትኛውን ልጻፍ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ አጭር ነው፤ ያየሽውን ጻፊ። ነገር ግን ጥያቄዋ ለብዙ ዘመን ሲቆጨኝ የኖረውን ነገር ስለቀሰቀሰብኝ፣ ለእናንተም ጭምር ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

በተማሪነቴ ዘመን በፓራሲቶሎጂ (በጥገኛ ተሕዋስያን ጥናት) የተግባር ትምህርት ለየቡድኑ ጊምሳ በሚባል ማቅለሚያ የተቀለመ የደም ስላይድ ይታደል ነበር። ስላይዶቹ ከዓመት ዓመት ስለሚያገለግሉ፣ በየትኛው ቁጥር ላይ ምን እንዳለ ከእኛ በፊት የተማሩት ጽፈው ደብተሩን አውርሰውናል። የእኛ ቁጥር ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ፓራሳይት እንደሆነ ሁላችንም አውቀን ነበር የገባነው። አንዲት የወረኢሉ ልጅ ግን ዘይት ጠብ አድርጋ፣ በመቶው ሌንስ 100 ፊልድ (በሌንሱ በአንዴ የሚታይ ቦታ) በትዕግሥት ተመለከተች፤ ፓራሳይቱንም አላገኘችውም። ከቀደሙት ዓመታት የቀረው ዘይት በወጉ ሳይጠረግ ቆይቶ ስላይዱ ቀለሙን ለቆ ነበርና፣ የነጭ የደም ሴሎቹ ኒውክለስ እንኳ ደብዝዟል። እርሷም ይህንኑ ገልጻ «ለመወሰን አይቻልም» ብላ ጻፈች። እኛ የፓራሳይቱን የቀለበት ቅርጽ ከመጽሐፍ ላይ ገልብጠን በባለ ቀለም እርሳስ አሳምረን ሣልን። ለእኛ ሙሉ ነጥብ፣ ለእርሷ ዜሮ ተሰጠ። መምህሩ «ጓደኞችሽ ያዩትን አንቺ እንዴት አጣሽው?» ሲላት፣ ከመካከላችን «እኛም አላየንም» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እርሷም አላጋለጠችንም፤ ደብተሯን አንሥታ ወጣች። ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እርሷም እንደ እኛ ከደብተሩ መገልበጥ መጀመሯ ነው።

የዛሬዎቹ ደብተሩን በቴሌግራም ተክታችሁታል። በየማይክሮስኮፑ ሥር ያለውን እያዩ መልስ የሚጻፍበትን የስፖት ፈተና ፎቶ ቀድማችሁ ስለምትሸመድዱ፣ ዓይናችሁ ማይክሮስኮፑን ሳይነካ እጃችሁ መልሱን ይጽፋል። ይህን እያልሁም፣ ተማሪዎች የላኩልኝን ጥሩ የስላይድ ፎቶ እኔው ራሴ ለማስተማሪያ እጠቀምበታለሁ።

ነገር ግን ከባቲ ወይም ከከሚሴ አካባቢ አተኩሶት ደሴ የደረሰ ሕመምተኛ ደም ቁጥር ተጽፎበት አይመጣም። ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የተባሉት የወባ ዓይነቶች ሁለቱም በአገራችን አሉ፤ ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ስለሚመለስ ሕክምናቸው አንድ አይደለም። ወባ ሲፈለግ በዚያው ስላይድ ላይ በቅማል የሚተላለፈው የግርሻ (እየተመላለሰ የሚነሣ ትኩሳት) ባክቴሪያ ተጠማዝዞ ሊገኝ ይችላል፤ ቀለበት ብቻ ለማየት የተዘጋጀ ዓይን ግን ያልፈዋል።

ከላብ አትቅሩ፣ ጓንት አጥልቁ የሚለውን አልደግምም። ሪፖርት ስትጽፉ ስንት ፊልድ እንደተመለከታችሁና ቀለሙ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ አስፍሩ፤ ያያችሁት ከተጠበቀው ከተለየም ስላይዱን ሳትመልሱ መምህራችሁን ጠርታችሁ አብራችሁ ተመልከቱ። በዚህ ምክንያት ነጥብ ሊጎድልባችሁ ይችላል፤ «ነጥብ ምን ያደርጋል» የሚላችሁ ሽማግሌ ብዙውን ጊዜ ነጥቡን አግኝቶ የጨረሰ ነውና እኔ እንዲህ አልላችሁም። እኔ ሳርም ከስያሜው ይልቅ ለገለጻው አብላጫውን ነጥብ እሰጣለሁ፤ የማይነበብ የእጅ ጽሑፍ ላይ ግን እስከ ዛሬ እቀንሳለሁ፣ ተማሪዎቼም በዚህ ያሙኛል።