አባዬ ሱባኤ ሲገባ መኪኖቹን እናስወጣቸው?

«አባቴ 74 ዓመቱ ነው። መካኒክ ነበር፤ በዚያ ሥራው ነው ሁላችንንም ያሳደገን። ኮልፌ ያለው ግቢያችን ውስጥ ሰባት አሮጌ መኪኖች ቆመዋል፦ ሦስት ቮልስ፣ አንድ ሰይቼንቶ፣ አንድ ኦፔል፣ አንድ ፔጆ 404 እና ጎማ የሌላት ላዳ። ጋራዡን ከዘጋ 12 ዓመት ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ አንዳቸውም ከቆሙበት አልተነሱም። ‹አድሳቸዋለሁ› ይላል፤ እጁ ግን እየተንቀጠቀጠ ብሎን መያዝ አቅቶታል። ፔጆዋ እንዲያውም የእኛ አይደለችም። በደርግ ጊዜ ከአገር የወጣ ደንበኛው ‹እስክመለስ› ብሎ የተዋት ናት። ጋራዡን ሲዘጋ እሷንም አስጎትቶ አመጣት። እማዬ ዝም ብላለች። አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ ‹አንዷንም እንዳትነኩ› ይላል። ታናሹ ሊያገባ ነው፤ ቦታው ላይ ሁለት ክፍል መሥራት ይፈልጋል። አባዬ በፍልሰታ ሱባኤ ሲገባ ቆራሌዎች ክሬን ይዘው መጥተው ሁሉንም እንዲጭኑ ተነጋግሯል። ‹ሲመለስ ይቆጣል፣ ከዚያ ይረሳዋል› ይላል። እኔ ልጆቼን ይዤ እዚያው ግቢ ነው የምኖረው፤ አይጡም ዝገቱም ሰልችቶኛል። ግን ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ አባትሽ በሌሉበት አንዲትም መኪና ከዚያ ግቢ አትውጣ።

ታናሽ ወንድምሽ ክፉ ነው እያልኩሽ አይደለም። ሊያገባ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኪራይ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ግን አባታችሁ ጾመው፣ ጸልየው፣ ልጆቼን ልመርቅ ብለው ሲመለሱ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ተጭኖ ሄዶ ባዶ መሬት ከጠበቃቸው የሚሰማቸው ቁጣ ብቻ አይሆንም። ቁጣማ ይበርዳል። «በቁሜ ወረሱኝ» የሚለው ስሜት ግን በሰርግም በልጅ ልጅም የሚሽር አይደለም። ዕቃ አከማችተው መጣል ያቃታቸውን ሰዎች የሚረዱ ባለሙያዎችም ከልምድ የሚያውቁት ነገር ነው፦ ባለቤቱ ሳያውቅ የተጠረገ ቤት ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይሞላል፤ ሰውየውም ከዚያ በኋላ ለሚረዳው ሰው እንኳ በሩን አይከፍትም።

በቀጥታ ባትጠይቂኝም «አባቴ ታመመ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ከደብዳቤሽ ውስጥ ይነበባል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ዕቃ የማከማቸትን ችግር ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ይህ ሕመም ያለበት ሰው የሚጠቅመውንም የማይጠቅመውንም መጣል ያስጨንቀዋል፤ ክምሩ መኝታ ቤቱን፣ ማድ ቤቱን፣ መተላለፊያውን እስኪዘጋ ድረስ ይበዛል። የአባትሽ ነገር ከዚህ ጋር አይገጥምልኝም። ቤት ውስጥ ስላለ ክምር አልጻፍሽልኝም፤ ጋራዡን ከዘጉ ወዲህ ሌላ መኪና ገዝተው አመጡ አላልሽኝም። ያሉት ሰባት ናቸው፤ ሰባቱም ከሙያቸው ጋር የተያያዙ። በደብዳቤ ምርመራ አይደረግምና ይህን እንደ መጨረሻ ቃል አትውሰጂው። ቢሆንም አባታችሁን እንደ በሽተኛ እያያችሁ ንግግር ባትጀምሩ እመርጣለሁ።

እጃቸው ግን ሐኪም ይፈልጋል። የእጅ መንቀጥቀጥ «እርጅና ነው» ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም። ከነርቭ ሊመጣ ይችላል፣ ከእንቅርት ዕጢ ሊመጣ ይችላል፣ ከሚወስዱት መድኃኒትም ሊሆን ይችላል፤ ብዙውም ሕክምና አለው። ወደ ነርቭ ሐኪም ስትወስጃቸው እንቅልፋቸውን፣ የምግብ ፍላጎታቸውን፣ ማስታወሳቸውን፣ ከሰው ጋር መዋል መቀነስ አለመቀነሳቸውን ንገሪው። አረጋውያን ላይ ድባቴ ብዙ ጊዜ በለቅሶ አይገለጽም። ዝም በማለት፣ ከዕድርና ከጓደኛ በመራቅ፣ «እዚህ ያመኛል፣ እዚያ ይቆረጥመኛል» በማለት ነው የሚመጣው። እስቲ አስቢው፤ በእጁ ስም ያወጣ ባለሙያ እጁ ሲከዳው «አልችልም» ከሚል «አድሳቸዋለሁ» ማለት ይቀለዋል።

ደጋግሜ ያነበብኩት ስለ ፔጆዋ የጻፍሽውን ነው። እናንተ ሰባት መኪና ትቆጥራላችሁ፤ አባትሽ ግን ስድስት መኪናና አንድ አደራ ይመስለኛል የሚቆጥሩት። ሰውየው «እስክመለስ» ብሎ ሄደ። ይኑር ይሙት አይታወቅም። በዚያ ዘመን ስንቱ በሱዳን በኩል ወጥቶ ወሬው ሳይሰማ ቀርቷል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ በቬትናም ጦርነት የጠፉ ወታደሮችን ቤተሰቦች ካጠናች በኋላ ቁርጡ ያልታወቀ ሐዘን እንዴት ሰውን አንድ ቦታ አስሮ እንደሚያስቀምጥ አሳይታለች። የሞተ ሰው ይለቀሳል፣ ተዝካሩ ይወጣል። መሞቱ ያልታወቀ ሰው ግን ይጠበቃል። አባትሽ ያቺን መኪና ለቆራሌ ከሰጡ በራሳቸው አፍ «አይመጣም» ማለታቸው ነው፤ በዚያ ላይ አደራ በላ መሆን አለ። ለእሳቸው ትውልድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለእኛም ባይቀልብን ደስ ይለኛል።

ስለዚህ የፔጆዋን ነገር ከሌሎቹ ለይታችሁ ያዙት። የድሮው ሊብሬ ካለ ፈልጉት፤ ስምና አድራሻ ይኖረዋል። የሰውየውን የድሮ ሰፈር፣ ዕድሩን፣ ደብሩን ጠይቁ። ይህ ለታላቅ ወንድምሽም ጥሩ ሥራ ነው፦ በሚኖርበት ከተማ ያሉትን ኢትዮጵያውያን፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ይጠይቅ። ቤተሰቡ ከተገኘ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ካልተገኘ አባትሽ ከንስሐ አባታቸውና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው አደራውን እንዴት እንደሚያወርዱት ይምከሩ። በሰውየው ስም ምጽዋት መስጠት ሊሆን ይችላል፤ መኪናዋን ለቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች መማሪያ መስጠትም ሊሆን ይችላል። ንብረቱ የሌላ ሰው ስለሆነ ከእጃችሁ ከማውጣታችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሩ። ከሁሉም ይበልጥ አባትሽን የሚያሳርፋቸው ግን መፈለጉ ራሱ ነው ብዬ አምናለሁ። እስካሁን ብቻቸውን ነው የጠበቁት።

ወደ ቮልሶቹ ልምጣ። ሦስት ቮልስ አላችሁ፤ ከሦስቱ አንዲት የምትሄድ መኪና ማውጣት ይቻል ይሆናል። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፣ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያስሩት ዋና ብሎኖች አራት ናቸው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ስለሆነ መለዋወጫዋ ጨርሶ አልጠፋም። አባትሽ ይህን ከእኔ አሥር እጥፍ ያውቁታል። እጃቸው ቢደክምም ዕውቀታቸው አልደከመም። አንድ ጎበዝ ወጣት መካኒክ ቅዳሜ ቅዳሜ ይምጣ፤ አባትሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዝዙት። ካንዴላውን አውጥቶ ያሳያቸው፣ እሳቸው ቀለሙን አይተው ሞተሩ ምን እንደሆነ ይንገሩት። ቀነ ገደብ ይኑረው፣ እስከ ፋሲካ በሉት፤ ገንዘቡም አስቀድሞ ይወሰን። ሰባት መኪና አድሳለሁ ማለት አንዱንም አለመጀመር ነው፤ አንዲት መኪና ማደስ ግን የሚያልቅ ሥራ ነው።

ንግግሩን አንቺ ጀምሪው። ሦስታችሁም ተሰብስባችሁ ፊታቸው አትቀመጡ፤ የፍርድ ሸንጎ ይመስላል። ዝናቡ ጋብ ያለ ዕለት ቡናውን ግቢ አፍዪና «አባዬ፣ ይቺ ሰይቼንቶ እንዴት መጣች?» በያቸው። ይንገሩሽ። ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ በስልክሽ ቅጂው። ወደ ቀጣዩዋ እለፊ። በዚያ ቀን ስለማስወጣት አንድም ቃል አትናገሪ፤ ይህ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ አይጡ ከኮፈኑ ሥር ሲሮጥ እያየሽ ነው ዝም የምትይው። በሌላ ቀን «ለሌላ ሰው ብትሰጣት የማይቆጭህ የቷ ናት?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ላዳዋን ሊሉሽ ይችላሉ፣ ወይም ኦፔሏን። የጠሯት ትውጣ፤ የምትወጣውም እሳቸው ቆመው እያዩ፣ ዋጋውን እሳቸው ተነጋግረው፣ ገንዘቡን እሳቸው ተቀብለው ይሁን። ከመውጣቷ በፊት ከእሷ ጋር ፎቶ አንሺያቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የትዝታ ዕቃቸውን ፎቶ እንዲያነሱ የተመከሩ ሰዎች ዕቃውን አሳልፈው ለመስጠት ይበልጥ ፈቃደኛ መሆናቸውን አሳይቷል። ሰው የሚሳሳው ለብረቱ ሳይሆን ትዝታው አብሮ እንዳይሄድበት ነው።

ስለ እናትሽ የጻፍሽው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ዝም ብላለች»። እሷን የጠየቃት ሰው ያለ አይመስለኝም። ያ ግቢ የእሷም ነው። አዲስ አበባ ላይ በሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ተብሎ ይወሰዳል። ስለዚህ መኪኖቹ ላይ ቃል ያላቸው ሁለት ሰዎች እንጂ ሦስቱ ልጆች አይደላችሁም። ለብቻዋ ሆና ሽንኩርት ስትልጥ ወይም እህል ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ በይና «እማዬ፣ ቦታው ቢለቀቅ ምን ታደርጊበት ነበር?» በያት። ጎመንና ጤና አዳም መትከል ትፈልግ ይሆናል። ወይም ሰይቼንቶዋ የሰርጓ መኪና ሆና ትሆናለች፤ ዝምታዋም ከእናንተ አይጥና ዝገት ጋር ግንኙነት የለው ይሆናል። ያለችሽን ለወንድሞችሽ ከማድረስሽ በፊት ግን አስፈቅጃት።

ታላቅ ወንድምሽ «አትንኩ» የሚለው በልቡ ያለችው የልጅነቱ ግቢ ስለሆነች ነው። ስደት ላይ ያለ ሰው ቤቱ እንደተዋት እንድትጠብቀው ይመኛል። ይገባኛል፤ ግን የምኞቱን ዋጋ የምትከፍዪው አንቺና ልጆችሽ ናችሁ። መኪኖቹን በቪዲዮ አሳዪው፣ ዝገቱንም ሳትደብቂ። ከዚያ የአንዷን ቮልስ ማሳደሻ መላክ ይችል እንደሆነ በግልጽ ጠይቂው። ካልቻለ አባቱ የሚወስኑትን ይቀበል።

ታናሽየው ደግሞ ስለ ዋጋ እያሰበ ይሆናል። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ የግል መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ «አሮጌ መኪና ወርቅ ሆነ» የሚል ወሬ በየካፌው አለ። የቆመና የዛገ መኪና ግን ወርቅ አይደለም፤ በጅምላ ለቆራሌ በኪሎ የሚሰጥም አይደለም። መለዋወጫ የሚያውቅ፣ ከአባትሽ ጋር ዝምድና የሌለው ሰው አይቶ ይገምታቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 ካህነማን፣ ክኔትሽና ቴለር የተባሉ ተመራማሪዎች ተራ ኩባያ ለተማሪዎች አድለው ነበር፤ ኩባያው የደረሳቸው ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ ሌሎቹ ሊከፍሉ ከፈቀዱት እጥፍ ገደማ ሆነ። ለደቂቃዎች የያዙት ኩባያ ይህን ካደረገ፣ አባትሽ ሰማይ የነካ ዋጋ ሲጠሩ አትሳቁባቸው። ስለ ክፍሎቹም ልጁ ራሱ አባቱን ፊት ለፊት ይጠይቅ። ለልጅ ትዳር ቦታ ስጡ ተብለው የሚጨክኑ አባት አይመስሉኝም። መኪኖቹን ከሰረቃቸው ግን ልመናውን በገዛ እጁ ዘጋው።

እስከዚያው ለነገ የማይባል አንድ ነገር አለ፤ ልጆች ያሉበት ግቢ ነው። ቆመው የቀሩት ባትሪዎች አሲድና እርሳስ አለባቸው፤ ይውጡ። በሰልባቲዮ የቀረ ቤንዚን ካለ ይቀዳ። ሕፃን ገብቶ የሚዘጋበት በርና ኮፈን ሁሉ ወይ መቆለፊያው ይፈታ ወይ ታስሮ ይዘጋ። ይህን ለአባትሽ «ልጆቹን ፈራሁ» ብለሽ ንገሪያቸው፤ መካኒክ ናቸው፣ የባትሪ አሲድ ምን እንደሚያደርግ ከእኔም ከአንቺም በፊት ያውቃሉ፤ ሥራውንም ራሳቸው ይመሩታል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ «አንዷም አትወጣም» ካሉ ደግመሽ ጻፊልኝ፤ ያኔ የምንነጋገረው ሌላ ነገር ይኖራል። ለታናሽ ወንድምሽ ግን ዛሬውኑ ደውዪለት። ፍልሰታ ሳይገባ ከቆራሌዎቹ ጋር የያዘውን ቀጠሮ ይሰርዝ፤ ቀብድ ከተቀበለም ይመልስ።