መልስ፦ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ጫጩት አሳዳጊ ማግኘት

ወንድሜ፣ «ደብረ ብርሃን አካባቢ የ45 ቀን ጫጩት የሚሸጥ ከየት ላግኝ፣ ሄጄስ ምን ልይ?» ላልከው፣ መጀመሪያ የወረዳህን የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። መኖ መሸጫ ሱቆችንም አትለፋቸው፤ ማን ስንት ኩንታል እንደሚወስድ ስለሚያውቁ በሥራ ላይ ያለውን አሳዳጊ ይጠቁሙሃል።

በአንድ ቀን ሁለት እርባታ አትጎብኝ፤ ፈንግል (ዶሮን በጅምላ የሚገድል ተላላፊ በሽታ) በጫማና በልብስ ይጓዛል። በር ላይ የጫማ መንከሪያ (ፀረ ተባይ መድኃኒት ያለበት ውኃ) ከሌለ ጥንቃቄያቸው የላላ ነው።

ቤቱ ውስጥ ገብተህ በጫጩቶቹ ቁመት ልክ ቁጢጥ በል። እዚያ ዝቅ ብለህ ሽታው ዓይንህን ከቆጠቆጠህ አየር አይዘዋወርም። ከተማዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ብርዱን ፈርተው መስኮት የሚደፍኑ አሉ፤ ጫጩቱ ይሞቀዋል፣ መተንፈሻው ግን ይታመማል። ጉዝጓዙን ጨብጠህ ልቀቀው፤ ሳይበተን እንደ ኳስ ከቀረ እርጥብ ነው። ደም የቀላቀለ ኩስ ካየህ የኮክሲዲያ (የአንጀት በሽታ) ምልክት ነውና አትግዛ።

የክትባት መዝገቡን ከነቀኑ አሳየኝ በል፦ የፈንግል የመጀመሪያው በዓይን ጠብታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ የጉምቦሮ (ሌላው የጫጩት ተላላፊ በሽታ) በ2ኛው ሳምንት ግድም፣ ላሶታ የሚባለው የፈንግል ድጋሚ ክትባት በ3ኛው ወይም በ4ኛው ሳምንት። «ተከትቧል» የሚል ቃል ብቻ አይበቃም።

ከሸዋ ሮቢት ቆላ ያደገ ከገዛህ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ሙቀት አዘጋጅለት፤ ካልሆነ በብርድ እርስ በርሱ ተደራርቦ ይታፈናል። ከለመደው መኖም የጥቂት ቀን አብረህ ግዛና ከአዲሱ ጋር እየቀላቀልክ ቀይርለት።