«ሞተሯ አልተከፈተም» ተብላ የተሸጠች ፒክአፕ

ጥያቄው የመጣው ከሐይቅ ከተማ ነው። ጠያቂው እህል ነጋዴ ነው። ረጅም ነው የጻፈው፤ አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ኮምቦልቻ ላይ በደላላ በኩል ያገለገለች ፒክአፕ ገዛሁ። 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ናፍጣ። ሻጩ ‹ሞተሯ አልተከፈተም፣ በሊትር አሥር ኪሎሜትር ትሄዳለች› አለኝ። በሊትር ስድስት እንኳ አልሄደችልኝም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እህል ጭኜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን የሐረጎን ዳገት ስወጣ ሙቀቷ ጣሪያ ነካ፣ ውኃ ተፋች። መካኒክ ከውጭ ሲያያት የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ብሎኖች ተነክተዋል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ዳር ሲሊኮን ተቀብቷል፣ ራዲያተሩ ውስጥም ቀዳዳ የሚደፍን መድኃኒት ተጨምሯል አለኝ። ውሉ ላይ ‹ያለችበትን ሁኔታ አይቼ ወድጄ ገዝቻለሁ› የሚል አለበት። 300 ሺህ ብር ስም ሲዞር ልከፍል አስቀርቻለሁ። እስካሁን ያለኝ ውክልና ብቻ ነው። መመለስ እችላለሁ ወይስ አርፌ ላሠራት? ይንገሩኝ።»

ወንድሜ፣ መመለስ ይቻላል። ግን የሚወስነው ዛሬና ነገ የምታደርገው ነው፤ ስለዚህ ከዛሬው ልጀምር። መኪናዋን አቁማት። አታሠራት። መካኒኩ «ቶሎ ከፍቼ ልይልህ» ቢልህም ቆይ በለው። ሞተሩ አሁን ያለበት ሁኔታ ትልቁ ማስረጃህ ነው። ነገ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገብቶለት ከተገጠመ በኋላ ሻጩ ፍርድ ቤት ቀርቦ «እኔ ደህና አድርጌ ነው የሸጥኩት፣ እሱ ራሱ ከፍቶ አበላሸው» ቢል ዳኛው በምን ያምንሃል? ሰዎች በዚህ ሲሸነፉ አይቻለሁ። እውነቱ የነሱ ሆኖ ሳለ ማስረጃውን በገዛ ገንዘባቸው ሲያጠፉት በጣም ያንገበግበኛል።

አሁን ቅሬታህን ለሁለት እንክፈለው። አንዱ የነዳጅ ነው፣ ሌላው የሞተር። አንተ አንድ ላይ ጽፈሃቸዋል። በሕግ ግን ዕጣቸው የተለያየ ነው። በነዳጁ ብቻ ከከሰስክ ትሸነፋለህ ብዬ እፈራለሁ። በሞተሩ ግን ጥሩ ቦታ ላይ ነህ።

ነዳጁን አስቀድሜ ልናገር፣ ብዙ ሰው የሚናደደው በሱ ስለሆነ። 4.2 ሊትር ቱርቦ የሌለው የድሮ ናፍጣ ሞተር፣ የምናውቃቸው ላንድክሩዘር ፒክአፖች ላይ ያለው ዓይነት ማለቴ ነው፣ በሜዳ መንገድ፣ ጭነት ሳይበዛበት፣ በሊትር ሰባት ስምንት ኪሎሜትር ቢሄድ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። መኪናው ከባድ ነው፣ ፊቱ እንደ ሳጥን ነፋስ ይገፋል፣ ሞተሩም የተሠራው ለጉልበትና ለዕድሜ እንጂ ለቁጠባ አይደለም። ያንተን መንገድ ደግሞ ጨምርበት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ከፍታ አካባቢ ናት፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ። ይህ ሁሉ ከፍታ የሚወጣው ሃያ ምናምን ኪሎሜትር በማይሞላ መንገድ ነው። አየሩ ወደ ላይ በሄድክ ቁጥር ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ ደሴ ሲደርስ ወደ ሩብ የሚጠጋው ጉልበቱ የለም፣ ሹፌሩም ማርሽ አውርዶ እየረገጠ ነው የሚወጣው። እህል ተጭኖባት በሊትር አምስት ስድስት ብትሄድ እኔ አይገርመኝም።

ሕጉ ምን ይላል? በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2289 ዕቃ ጉድለት አለበት የሚባለው ለተለመደው አገልግሎቱ የሚያስፈልገው ጠባይ ሲጎድለው፣ ወይም በውሉ በግልጽም ሆነ በዝምታ የታሰበው ጠባይ ሳይኖረው ሲቀር ነው። «አሥር ኪሎሜትር» የሚለው ቡና እየጠጣችሁ የተባለ ነው፤ ውሉ ላይ የለም። ሻጩ «እንዲህ አላልኩም» ካለ በምን ታስረዳለህ? ብሏል ቢባል እንኳ «ይህን የሚያህል ሞተር አሥር እንደማይሄድ ነጋዴ ሆኖ እንዴት አላወቀም» ይባላል። አንዲት መስመር ውሉ ላይ ብትገባ ኖሮ፣ «መኪናዋ ያለ ጭነት በሊትር ቢያንስ ይህን ያህል ትሄዳለች» የምትል፣ ነገሩ ሁሉ ይለወጥ ነበር።

ነዳጁን ግን ጨርሰህ አትጣለው። ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ስላለቀ፣ ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓ ስለተነካካ ወይም ሞተሩ መጭመቅ ስላቃተው ነው የምትበላው የሚል የባለሙያ ቃል ከተገኘ ራሱን የቻለ ክስ ሳይሆን ለሞተሩ ክስ ደጋፊ ማስረጃ ይሆንልሃል።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። አንቀጽ 2287 ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከጉድለት ነጻ ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። ውሉ ላይ ባይጻፍም ነው። ያገለገለ መኪና ስለሆነ ብቻ ይህ አይቀርም። እርግጥ ያለቀ ጎማ፣ የላላ ባሌስትራ፣ የተፋቀ ቀለም በዓይንህ አይተህ የገዛኸው ነው፣ በሱ ማንም አይሰማህም። በሲሊኮን የተሸፈነና በራዲያተር መድኃኒት የተደፈነ ቴስታታ ግን አንድ ተራ ገዢ ዞር ዞር ብሎ የሚያየው ነገር አይደለም።

ይህ መብት ግን የሚጠብቅህ አንተ ቶሎ ስትናገር ነው። ገዢ ዕቃውን እንደተመቸው ወዲያው መመርመር አለበት፣ አንቀጽ 2291። ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፣ አንቀጽ 2292። አንተ ካወቅህ ሳምንት ሆኖሃል። ሳምንት ይቻላል። ወር ከሆነ ግን እኔም ጠበቃህ ብሆን እጨነቃለሁ። በስልክ ነግሬዋለሁ ብለህ እንዳትቀመጥ። ዛሬ ጻፍ። ቋንቋው ማማር የለበትም። መኪናዋን በሰሌዳ፣ በሻንሲና በሞተር ቁጥሯ ጥቀስ፤ የገዛህበትን ቀን፣ ሙቀቷ የጨመረበትን ቀንና ቦታ፣ መካኒኩ ያየውን አንድ በአንድ አስፍር፤ መጨረሻ ላይ «በዚህ ምክንያት ውሉ ፈርሶ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ፣ መጥተህም ሞተሩን ሳይከፈት እንድታየው እጋብዝሃለሁ» በል። ሁለት ቅጂ አድርገህ አንዱ ላይ አስፈርመው። አልፈርምም ካለ በሁለት ምስክር ፊት ስጠው፣ በፖስታ ቤትም በአደራ ደብዳቤ (በሪኮማንዴ) ላክና ደረሰኙን አስቀምጥ። ፎቶውንና ቪዲዮውን በቴሌግራም ላክለት፣ ግን ወረቀቱን እሱ አይተካውም። ማስታወቂያውን ከሰጠህበት ቀን ጀምሮ ክስ ለመመሥረት አንድ ዓመት አለህ፣ አንቀጽ 2298። አንድ ዓመት ረጅም ይመስላል፤ ሽማግሌ ሲመላለስ እንዴት እንደሚያልቅ ግን እኔ አውቃለሁ።

አሁን ያቺ የምታስፈራህ ዓረፍተ ነገር፣ «ያለችበትን ሁኔታ አይቼ ወድጄ ገዝቻለሁ»። ደላሎች በየውሉ ይሰኩዋታል። ባዶ ቃል አይደለችም። ተዋዋዮች የሻጩን ዋስትና በስምምነት መቀነስ ይችላሉ፣ ለምታየው ነገርም ትሠራለች። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ሆን ብሎ ከደበቀ ግን ከጀርባዋ መደበቅ አይችልም። ስለዚህ የጉዳይህ ልብ ይህ ነው፦ አውቆ ነበር ወይስ አላወቀም? ቴስታታው በሱ እጅ እያለ መከፈቱን፣ የትኛው ጋራዥ እንደሠራው፣ መድኃኒቱ ተጨምሮ ብዙ ቀን እንዳልቆየ የሚናገር ሰው ካገኘህ ግማሹን መንገድ ሄድክ። ኮምቦልቻ ትንሽ ከተማ ናት። መካኒክ መካኒክን ያውቃል።

ማታለል የሚለውን ቃል ብዙ ሰው ሲጠቀምበት እሰማለሁ፤ ሕጉ ግን ጠበብ አድርጎ ነው የሚያየው። በአንቀጽ 1704 ውል በተንኮል ምክንያት የሚፈርሰው ሻጩ የማታለያ ዘዴ ተጠቅሞ ገዢው ባይታለል ኖሮ የማይገባበት ውል ውስጥ ሲያስገባው ነው። ዝም ብሎ መዋሸት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። «ሞተሯ አልተከፈተም» ውሸት ነው። ራዲያተሩ ውስጥ መድኃኒት ማፍሰስ፣ ሲሊኮን መቀባት፣ ኪሎሜትር ቆጣሪውን መልሶ ማዞር ግን ዘዴ ነው። ልዩነቱ ይታይሃል? በዚህ መንገድ ውል ለማፍረስ ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፣ አንቀጽ 1810። እኔ ብሆን ሁለቱንም ምክንያት በአንድ ክስ ውስጥ በአማራጭ አቀርባቸዋለሁ፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲቆም። ክሱን ሻጩ በሚኖርበት ወይም ውሉ በተደረገበት ቦታ ነው የምታቀርበው፣ ያንተ ጉዳይ ሁለቱም ኮምቦልቻ ይመስለኛል። ፍርድ ቤቱ ሞተሩን የሚመረምር ገለልተኛ ባለሙያ እንዲያዝልህ ጠይቅ። ያንተ መካኒክ ያንተ ሰው ነው ይባላል።

ሽማግሌ ልላክ ብለህ እያሰብክ ከሆነ ላክ። ወሎ ውስጥ ነን፤ አበጋር (የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ) ፊት የቀረበ ነገር ፍርድ ቤት ሁለት ዓመት ከሚንከራተት ጉዳይ ቶሎ ያልቃል፣ ሰዎቹም ከዚያ በኋላ ሰላም ይባባላሉ። እኔም ደንበኞቼን እመክራለሁ። ግን ማስታወቂያው ከሽማግሌው በፊት ይሂድ። የተስማማችሁበትም በጽሑፍ ይሁን፣ በሁለታችሁና በምስክሮች ፊርማ።

ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ትልቅ ሞተር ያለው ፒክአፕ ሊገዛ አስቦ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ሞተሩ ሲተልቅ የጥገናው ወጪ ይበዛል። ስድስት ሲሊንደር ማለት ስድስት ኖዝል ነው፣ ቪ ኤይት ማለት ስምንት። የ4.5 ሊትሩ ቪ ኤይት ናፍጣ ላንድክሩዘር የሞተር ማስነሻው በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል ተቀብሮ ነው ያለው፤ እሱን ብቻ ለመቀየር ከላይ ያለው ብዙ ነገር ይፈታል። ስለዚህ መኪናዋን ጠዋት በቀዝቃዛ ሞተር አስነሳት እንጂ ሻጩ አሙቆ ሲያመጣት አትይ። የራዲያተር ክዳን ከፍተህ ውኃው ቡናማ ጭቃ ወይም ዘይት የያዘ መሆኑን እይ። የዘይት ክዳኑን ስትከፍት ጭስ በኃይል የሚወጣ ከሆነ ተጠንቀቅ። በራስህ መካኒክ የመጭመቅ ኃይሏን አስለካ። ነዳጅ ሙላ፣ መቶ ኪሎሜትር ንዳ፣ እንደገና ሙላ፣ አካፍል፤ ያገኘኸውንም ውሉ ላይ አስጽፍ። ሻጩ ይህን ለመፈረም ካቅማማብህ መልስህን አገኘህ ማለት ነው።

ወደ አንተ ልመለስ፣ 300 ሺህ ብሩ ቀርቷል። ዝም ብለህ እንዳትይዘው። ዝም ካልክ ውሉን ያላከበርከው አንተ ትመስላለህ። ማስታወቂያው ላይ «ቀሪውን ገንዘብ የያዝኩት በዚህ ጉድለት ምክንያት ነው» ብለህ ግልጽ አድርገው። ውክልናው ደግሞ አያስተኛህ። ወካዩ ሊሽረው ይችላል፣ ከሞተም ያበቃል። በሱ ተጠቅመህ መኪናዋን ለሌላ ሰው እንዳትሸጥ፤ የሸጥከውን ነገር ልመልስ ማለት አትችልም። ሽማግሌ አስታርቋችሁ በዋጋ ቅናሽ ልትይዛት ከወሰንክ ግን ስም ሳይዞር ቀሪውን አትስጥ፤ ከዚያም በፊት በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ብሔራዊ ባንክ ባለው የዋስትና መዝገብ የማንም ዕዳ እንዳልተመዘገበባት አረጋግጥ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር ሞተሩ ላይ ከተቀረጸው ጋር ራስህ አመሳክር። ካልተገጣጠመ ምንም ሳትፈርም ጻፍልኝ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።