በላቦራቶሪ ያደገው አንጎል ያመዋል?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የ11ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሳይንቲስቶች የሰው አንጎል በላቦራቶሪ አሳደጉ የሚል ዜና ተማሪዎቼ በስልክ አይተው መጡና በጥያቄ ወጠሩኝ። አንዷ «ያመዋል?» አለች። አንዱ ደግሞ «ቆዳውን የሰጠው ሰው ነፍስ አብራ ትሄዳለች?» ብሎ ክፍሉን አሳቀ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ አስቀድሜ የዜናውን ጸሐፊ ልውቀስ። የሰው አንጎል ማንም አላሳደገም። ያደገው ኦርጋኖይድ የሚባል የምስር ፍሬ የሚያክል ሥጋ ነው። ተመራማሪዎቹ ማደሊን ላንካስተርና ዩርገን ክኖብሊክ በ2013 ከቪየና ዘዴውን ይፋ ሲያደርጉ ትልልቆቹ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበሩ። የደም ሥር ስለሌላቸው ምግብና ኦክስጅን መሐላቸው ድረስ አይዘልቅም፤ ከዚያ በላይ ሲያድጉ ውስጣቸው ይሞታል።

አሠራሩ ከቆዳ ሴል ይጀምራል። ሴሉ ወደ ስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ ወደሚችል ጥሬ ሴል፣ ይመለሳል፤ ከዚያ በጄል ጠብታ ተሸፍኖ በሚሽከረከር ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጣል። የአንጎሉን ንብርብር የሚደረድርለት ሰው የለም፤ ሴሎቹ ራሳቸው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ስንት ጊዜ አንብቤው ዛሬም ይደንቀኛል።

ጥቅሙን ለማስረዳት ያንኑ የቪየናውን ሥራ ይንገሯቸው። ጭንቅላቱ እጅግ አንሶ ከተወለደ ሕመምተኛ ቆዳ ያሳደጉት ኦርጋኖይድ እርሱም አነስተኛ ሆነ። ሲመረምሩት፣ ገና መባዛት የነበረባቸው ሴሎች ያለ ጊዜያቸው ወደ ነርቭ ሴልነት ተለውጠዋል። ለዚህ ሕመም ምክንያት የሆነው ዘረመል አይጥ ላይ ቢበላሽም አንጎሉ የሰውን ያህል ስለማያንስ ይህን በአይጥ ማየት አይቻልም ነበር። በ2016 የዚካ ቫይረስ ሕፃናትን እንዴት እንደሚጎዳ ለማወቅም ኦርጋኖይድ አገልግሏል።

ለልጅቷ፦ አያመውም። ሕመም ተቀብሎ የሚያደርስለት አካል የለውም። እንዲያውም የእኛው አንጎል ራሱ ሲነካ ሕመም አይሰማውም፤ አንዳንድ የአንጎል ቀዶ ሕክምና በሽተኛው ነቅቶ እያወራ የሚሠራው ለዚህ ነው። ቢሆንም ጥያቄዋን ንቀው አይለፉት። በ2022 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሰርጂዩ ፓሽካና ባልደረቦቹ የሰው ኦርጋኖይድ በአይጥ ግልገሎች አንጎል ውስጥ ተከሉ። የአይጦቹ ደም ሥር ገባበት፤ አደገ። የአይጡ ጢም ሲነካ የሰው ሴሎቹ መልስ ሰጡ። ሴሎቹን በብርሃን ሲቀሰቅሷቸው ደግሞ አይጡ ውኃ ፍለጋ መላስን ተማረ። ብልቃጥ ውስጥ ላለው አልጨነቅም፤ ይኼኛው ግን ያሳስበኛል።

ለልጁ፦ የነፍስን ነገር ለካህኑ እተዋለሁ። ነገር ግን ክፍሉን ያሳቀው ልጅ ዋናውን ነገር፣ የሴሉን ባለቤት ፈቃድ፣ ነክቷል። ሄንሪዬታ ላክስ በ1951 ባልቲሞር ውስጥ በካንሰር ስትታከም ሴሏ ሳትጠየቅ ተወሰደ፤ እርሷ በዚያው ዓመት ሞተች፣ ሴሏ ግን ዛሬም በየላቦራቶሪው ይባዛል። ወራሾቿ በሴሉ ከሚነግድ አንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ የደረሱት በ2023 ነው። «ለምርምር ፈቅጃለሁ» የሚል አንድ መስመር ላይ ማስፈረም ለእኔ ማታለል ነው። ሰውዬው ከቆዳው የአንጎል ሥጋ እንደሚበቅል፣ ምናልባትም እንስሳ ውስጥ እንደሚተከል ሊነገረው ይገባል።

ልጁ ያንን የፈቃድ ቅጽ ራሱ ይጻፈው፤ የቤት ሥራ ይሁንለት። ከጻፈው በኋላ ይላኩልኝ፣ በዚሁ አምድ አወጣዋለሁ።