ጁሱ ቁርስ እንዲሆን ምን ይግባበት?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ የ38 ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ከሁለት ወር በፊት ጁስ መፍጫ ገዝቼ፣ ጠዋት ጠዋት ፍርፍሩንና ቅንጬውን ትቼ ማንጎ፣ ሙዝና አቮካዶ እየፈጨሁ እጠጣለሁ። እንዲጣፍጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ አንዳንዴም ማር አደርግበታለሁ። ክብደቴ ግን አልቀነሰም፤ አራት ሰዓት ሳይሞላም ይርበኛል። አብራኝ የምትኖረው እናቴ ደግሞ ስኳር አለባት፤ «ፍራፍሬ አይደል፣ ምን ያደርገኛል» እያለች ከእኔ እኩል ትጠጣለች። ልከልክላት? እኔስ ምን ባደርግበት ይሻላል?

መልስ፦ መጀመሪያ የእናትዎን ልመልስ፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። እናትዎ ስኳርም ሆነ ማር የገባበትን ጁስ ከነገ ጀምሮ አይጠጡ። ፍራፍሬ ግን አይከልክሏቸው። ስኳር ያለበት ሰው ፍራፍሬ መብላት ይችላል፤ ቁም ነገሩ መጠኑና አበላሉ ነው። ግማሽ ሙዝ ወይም አንድ ቁራጭ ፓፓያ ከምግብ ጋር አላምጠው ይብሉ። ሁለት ማንጎ ሳህን ላይ አድርገው ቢያቀርቡላቸው አንዱን ሳይጨርሱ «በቃኝ» ይላሉ፤ በብርጭቆ ሲሆን ግን ሁለቱም ከነሙዙ በሦስት ደቂቃ ይወርዳሉ። ስኳር መለኪያ ቤት ውስጥ ካለ፣ መብላት ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለኩላቸውና የበሉትንና ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጻፉ። በቀጠሮ ቀን ደብተሩን ይዘው ቢሄዱ ለሐኪማቸው ትልቅ እገዛ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። እናትዎ ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን ኪኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ቁርስ መዝለል የለባቸውም። ላብ ካጠመቃቸው፣ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ፣ ድንገት ክፉኛ ከራባቸው ወይም ንግግራቸው ከተወላገደ ስኳራቸው ወርዶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ጣፋጩ መድኃኒታቸው ነው፤ ግማሽ ብርጭቆ ጁስ ወይም ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይስጧቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩላቸው፤ ካልተሻላቸው ይድገሙ፤ ሲሻላቸው ምግብ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም ሳይሰጡ ወዲያው ወደ ሕክምና ይውሰዷቸው።

ወደ እርስዎ ልምጣ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ለአንድ አዋቂ በቀን ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ሦስት የሻይ ማንኪያ ማለት የዚያ የ25 ግራሙ እኩሌታ ነው። ማንኪያዎ የሾርባ ከሆነማ የቀኑን 25 ግራም በቁርስ ብቻ አልፈውታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሻይና ቡና ሁሉ ትርፍ ነው። ማርም እዚሁ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው ማርን ከስኳር ለይቶ ያየዋል፤ ክብደትንና የደም ስኳርን በተመለከተ ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

ቶሎ የሚርብዎት ደግሞ ብርጭቆው ውስጥ ፕሮቲን የለም ማለት ስለሚቻል ነው። ፍራፍሬ ቫይታሚንና አሰር (ፋይበር) ይሰጣል፤ እስከ ምሳ ግን ብቻውን አያደርስም። መድኃኒቱ ጓዳዎ ውስጥ አለ። ፓፓያውና ማንጎው ከቆላው፣ ከሸዋ ሮቢት በኩል፣ ጣርማ በርን ወጥቶ ይመጣልዎታል፤ ገብሱ ግን የደጋው የራስዎ ነው። በሶ ካለ፣ ተልባ ካለ፣ እርጎ ካለ፣ በውድ የሚሸጠው የውጭ ዱቄት ምን ያደርጋል? የገብስ አሰር የደም ስኳር በአንዴ እንዳይወጣ ያግዛል፤ የኮሌስትሮልንም መጠን ይቀንሳል። ተልባ ሆድ ለሚደርቅበት ሰው ጥሩ ነው፤ ለልብ የሚበጅ ቅባትም አለው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ። ግማሽ አቮካዶ፣ መዳፍ የሚያህል አንድ ቁራጭ ፓፓያ፣ ግማሽ ሙዝ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተቆላና የተፈጨ ተልባ፣ ሁለት የቡና ስኒ እርጎ፣ ትንሽ ውሃ። ሎሚ ጠብ ያድርጉበት። በደንብ የበሰለ ሙዝ ከሆነ ስኳሩን አይፈልጉትም፤ ካስቸገረዎት በየሳምንቱ አንድ ማንኪያ እየቀነሱ ይተውት፣ ምላስ ይለምዳል። በማጥለያ አያጥሉት፤ አሰሩ የሚቀረው እዚያ ላይ ነው። የአቮካዶው ቅባት በፓፓያው ውስጥ ያለውን ለቫይታሚን ኤ መሠረት የሆነ ንጥረ ነገር ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ያደርጋል። ይህ ለሁለት ሰው ይበቃል። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ጁስና የተፈጨ ፍራፍሬ አንድ ላይ ተደምሮ በቀን ከ150 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ትንሽ ብርጭቆ ማለት ነው። ስለዚህ አንዷን ብርጭቆ ይጠጡና አንድ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ትንሽ ቅንጬ ያስከትሉ። ቅንጬውን ጨርሶ መተው አልነበረብዎትም። በጾም ከሆነ በእርጎው ፈንታ ውሃ ያድርጉና አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ጨምረው ይፍጩ፤ የሻገተውን ወይም የመረረውን ፍሬ ግን ለቅመው ይጣሉ።

እርጎው ካልተፈላ ወተት የተዘጋጀ ከሆነ ብሩሴሎሲስ የሚባለውን ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊያስይዝ ይችላል። ወተቱን አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ ከዚያ ያርጉት። የሚጨምሩት ውሃ በፋብሪካ የታሸገ ወይም የፈላ ይሁን፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ስለዚህ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። አቮካዶም ቢሆን ልጣጩ አይበላም ተብሎ ሳይታጠብ አይቆረጥ፤ ቢላው ከላይ ያለውን ጀርም ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል።

እናትዎ ኩላሊታቸው ተጎድቷል ተብለው ከሆነ ሙዝና አቮካዶ ከመስጠትዎ በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ሁለቱም ፖታሲየም ይበዛባቸዋል፤ የተጎዳ ኩላሊት ደግሞ እሱን ማስወገድ ያቅተዋል። ኢናላፕሪል የመሰለ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩት።

በመጨረሻ፣ ሳይጠይቁኝ የምነግርዎት፦ እናቱ ስኳር ያለባት ሰው እርሱም የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል። እርስዎ 38 ዓመትዎ ነው፤ ክብደትም አስቸግሮዎታል። በዚህ ሳምንት አንድ ጠዋት ከቤትዎ ምንም ሳይቀምሱ ወጥተው የደም ስኳርዎን ይመርመሩ። ከ100 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ100 እስከ 125 ከሆነ ወደ ስኳር እያዘነበለ ነውና ሐኪም ያነጋግሩ፤ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል። ያን ዕለት ጁሱን ከምርመራው ሲመለሱ ይጠጡት።