«ምረጡኝ» ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ

እንደምን ሰነበቱ እትዬ፤

የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ ለትምህርት ከመጣሁ ወዲህ ግን ኑሮዬ ደሴ ነው። 24 ዓመቴ ነው። በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ትርፍ ጊዜዬን የምሰጠው ደግሞ ስሙን መጥቀስ ለማልፈልገው አንድ ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃድ ድርጅት ነው። የገባሁበት በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ከራያና ከወልድያ በኩል የተፈናቀሉ ሰዎች በደሴ ትምህርት ቤቶች በተጠለሉ ጊዜ ነበር። ለሳምንት ላግዝ ብዬ ሄጄ እስከ ዛሬ አለሁ።

ዘንድሮ ድርጅቱ ለአፍሪካ የወጣቶች ኮሚቴ ከኢትዮጵያ አንድ ተወካይ ያስመርጣል። መራጮቹ በየከተማው ያለን በጎ ፈቃደኞች ነን። ተወዳዳሪው ራሱን በራሱ ያቀርባል፤ በእንግሊዝኛ አጭር መግለጫ ይጽፋል፣ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ይልካል፣ ከዚያ ቅስቀሳ ነው። ጓደኞቼ ግቢበት ግቢበት አሉኝ። እኔም እውነቱን ለመናገር ፈልጌዋለሁ። ቅጹን ከፍቼ ተቀመጥኩ፤ ግን እዚያው ቀረሁ።

አንደኛው ችግሬ ወንድም ጋሼ የምለው ሰው ነው። የሥጋ ወንድሜ አይደለም። በገባሁ በመጀመሪያው ቀን ፋሻ እንዴት እንደሚጠቀለል በራሴ ክንድ ላይ ያሳየኝ፣ ሲመሽ ታክሲ እስካገኝ ቆሞ የሚጠብቀኝ እሱ ነው። እሱም ሊወዳደር ነው ይባላል። በዕድሜ ገደቡ ምክንያት ይህ የመጨረሻ ዕድሉ ነው። እሱን ፊት ለፊት መግጠም ክህደት መሰለኝ።

ሌላው፣ ሳልጠይቃቸው ሰፈር ልጆች በቴሌግራም «የእኛ ልጅ ትመረጥ» የሚል ቡድን ከፍተውልኛል። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ግን አንዱ ስለ ወንድም ጋሼ ዘርና ሃይማኖት ጽፎ አየሁ። እስካሁን ምንም አላልኩም።

ቅጹ ደግሞ «ምን ሠርተሻል?» ይላል። ምን ብዬ ልጻፍ? መዝገብ ጽፌአለሁ፣ ብርድ ልብስ አድያለሁ። አንድ ጊዜ ሰልፉ ላይ ጠብ ሲበዛ ከእናቴ ሙዳይ የጥልፍ ክር አምጥቼ ለየመማሪያ ክፍሉ በየቀለሙ፣ ድርሻቸውን በወሰዱት ሰዎች እጅ ላይ አሰርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ማን ወሰደ ማን ቀረ የሚለው ጭቅጭቅ ቀነሰ። ይህ ግን ለዓለም አቀፍ ድርጅት የሚነገር ነገር አይደለም። ስለዚህ «ለአዎንታዊ ለውጥ በጽናት የምተጋ ባለራዕይ ወጣት መሪ ነኝ» ብዬ ጀመርኩ፤ ሳነበው ራሴን አፈርኩ። እኛ ቤት ራስን ማወደስ ነውር ነው። እናቴማ ጭራሹን «ደመወዝ የሌለው ሥልጣን ምን ያደርግልሻል?» ትለኛለች።

ቅጹ የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ ነው። ልተወው ወይስ ልግባበት?

ከደሴ

መልስ

አብሽሪ ልጄ።

እፍረትሽ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ፤ እኔንም ያሳደገኝ እሱ ነው። እኛ አገር ሹመት ሲሰጥ ያየነው በቅሬ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ማለቴ ነው። የቅሬ ዳኛ ሲመረጥ «እኔ ልሁን» ብሎ የሚነሳ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ቢነሳም ገንዘቡን ሊበላ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ወጉ ሌላ ነው። ሰዎች ስም ይጠራሉ፣ የተጠራው «አይሆንልኝም፣ አቅሜም አይደለም» ይላል፣ ሽማግሌዎች ይለምኑታል፣ እንደገና እምቢ ይላል፣ በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። ሁሉም ሰው ከመጀመሪያው እንደሚቀበል ያውቃል። ቢሆንም እምቢታው ትርጉም አለው፤ ሥልጣኑ ሸክም መሆኑን ሁሉም በየተራው የሚያስታውስበት ነው።

ያንቺ ቅጽ ግን ለማኝ ሽማግሌ የለውም። ጄኔቫ ወይም ናይሮቢ የተቀመጠ ጸሐፊ «እምቢ ያለችው ሲለምኗት እሺ ለማለት ነው» ብሎ አይረዳሽም፤ ካልሞላሽ የለሽም፣ በቃ። ስለዚህ ራስን ማቅረብ እዚያ ቤት የመግቢያ በር ነው እንጂ ጉራ አይደለም። ጉራ የሚሆነው በሩን ካለፍሽ በኋላ በምትናገሪው ነው። በዚህ ላይ ደግሞ ያፈርሽው በትክክለኛው ቦታ ነው። «ባለራዕይ ወጣት መሪ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከታንዛኒያ እስከ ሴኔጋል ያለ ተወዳዳሪ ሁሉ ይጽፈዋል። ስምሽን አውጥተሽ የሌላ ሰው ስም ብታስገቢበት ምንም አይጎድለውም። ሰርዢው።

ክሩን ጻፊ።

እንደ ቀልድ ጣል አድርገሽው አለፍሽ፤ እኔ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ እዚያ ጋ ስደርስ መነጽሬን አስተካክዬ ደግሜ አነበብኩት። በአንድ ግቢ ውስጥ የተጠለለ፣ የተራበና የተቆጣ ሕዝብ፣ አንድ የዝናብ ብስባሽ የነካው መዝገብ፣ ጎህ ሲቀድ የሚጀመር ሰልፍ። አንዲት ገና ተማሪ የሆነች ልጅ ከቤቷ ሙዳይ ክር ታመጣለች። ቀለሙ የትኛው ክፍል እንደሚኖሩ ይናገራል፣ ቋጠሮው መውሰዳቸውን። ይህ ለዓለም አቀፍ ድርጅት የማይነገር ከሆነ ምን ይነገረዋል? የእርዳታ ሠራተኞች በየአገሩ የሚለፉበት ጥያቄ እኮ ይኸው ነው፦ ማንም ሁለት ጊዜ እንዳይወስድ፣ ማንም ሳይወስድ እንዳይቀር፣ ሰውም ክብሩ እንዳይነካ።

ግን በደንብ አስታውሺው። ስንት ቀለም ነበረሽ? አንዱ ሲያልቅ ምን አደረግሽ? ለሕፃናት እጅ ላይ ነው ያሰርሽው ወይስ ለእናቶቻቸው? ክሩ ማተብ መስሎት ቅር ያለው ሙስሊም፣ ወይም የአስማት ክር መስሎት የሸሸ ክርስቲያን አልነበረም? ወሎ ነውና አይጠፋም ብዬ እገምታለሁ። ካለ ምን ብለሽ አግባባሽው? ይህን በአማርኛ፣ ለእናትሽ እንደምትነግሪያት አድርገሽ ጻፊው። ከዚያ እንግሊዝኛው ጥሩ የሆነ ሰው ይመልስልሽ፤ አጭር ዓረፍተ ነገር ለመመለስም ቀላል ነው። በቪዲዮው ላይም ክሩን በእጅሽ ያዢው። ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ያልሠራሽውን አልጨመርሽም፣ ራስሽንም አላወደስሽም፤ የሆነውን ነው የተናገርሽው።

አንድ ነገር ግን ከመሙላትሽ በፊት አድርጊ፤ የድርጅቱን መተዳደሪያ ደንብ አግኝተሽ ወንበሩ ምን እንደሚችል አንብቢ። «የወጣት ተወካይ» የሚባለው ነገር በየድርጅቱ የተለያየ ነው። ለምሳሌ በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ማኅበራት ፌዴሬሽን የወጣቶች ኮሚሽን ሰብሳቢው በጠቅላላ ጉባኤው ይመረጥና የአስተዳደር ቦርዱ አባል ሆኖ ይቀመጣል። በዓለም አቀፉ የስካውት ንቅናቄ ደግሞ ተወካዮቹ ወጣቶች በየሦስት ዓመቱ በሚደረገው የወጣቶች መድረክ የሚመርጧቸው አማካሪዎች ናቸው፤ ስሙም እንደሚለው ሥራቸው ማማከር ነው። ሁለቱም ሥራ ነው፣ ግን አንድ አይደለም። አማካሪ ሆነሽ «በጀት አመጣለሁ» ብለሽ ቃል ብትገቢ በዓመቱ ደሴ ላይ የምትሸሸጊበት ታጪያለሽ። ደንቡ የሚፈቅደውን ያህል ብቻ ቃል ግቢ። ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም።

አሁን ወደ ወንድም ጋሼ።

አትተዪለት። እንዲህ ስልሽ ልብሽ እንደማይገባው አውቃለሁ፤ ግን ለእሱ ብለሽ ብትተዪ ነገ ሲያሸንፍ «በእሷ ምሕረት ነው» ይባላል፣ ሲሸነፍ ደግሞ ሁለታችሁም ታጣላችሁ። ክህደት የሚሆነው መወዳደርሽ ሳይሆን ከሌላ ሰው አፍ መስማቱ ነው። ስለዚህ ቅጹን ከመላክሽ በፊት ቡና ጥሪው። በስልክ አይሁን፣ በቴሌግራም በጭራሽ። አቦሉ ሲቀዳ ስለ ቤተሰብ ጠይቂው። ቶናው ላይ ንገሪው፦ «ወንድም ጋሼ፣ ልወዳደር ነው። ከሌላ ሰው ሳትሰማ ከእኔ እንድትሰማ ብዬ ነው። ፋሻ መጠቅለል ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ ይህን የትም ብሆን እናገራለሁ።» ልብ በዪ፣ ይህ ማሳወቅ ነው፤ ማስፈቀድ አይደለም። «ቅር ካለህ እተወዋለሁ» የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ፤ እሱንም ፈራጅ አድርገሽ ማስጨነቅ ነው። ዝም ካለ በረካውን ጠጪና ዝም በዪ። ቅር ቢለው ቅሬታው የእሱ ነው፣ ጊዜ ስጪው። ምናልባትም ጨርሶ ላይወዳደር ይችላል፤ «ይባላል» ነው እኮ ያልሽኝ። በወሬ ላይ ተቀምጠሽ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሽ?

የቴሌግራሙን ቡድን ግን ዛሬ ማታ አዘጊው። እዚህ ላይ ጨከን እላለሁ። «ሳልጠይቃቸው ነው» ማለትሽ እውነት ነው፣ ስምሽ የተጻፈበት ስለሆነ ግን ከዛሬ ጀምሮ ዝምታሽ መልስ ነው።

ለምን እንደምጨክን ከራሳችን ከተማ ታሪክ ልንገርሽ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። አምስት ወር ሳይሞላው፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታልም አልተረፈም። ጨርቅ ላይ የተሣለ መስቀል ቦምብ አያስቆምም። ምልክቱ የሚሠራው ሁሉም ወገን «ይህ የማንም አይደለም፣ ሁሉንም ያክማል» ብሎ እስካመነ ድረስ ነው። የቀይ መስቀል ንቅናቄ በ1965 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ ባወጃቸው 7 መርሆዎች ውስጥ አለማዳላትና ገለልተኝነት የተቀመጡትም ለጌጥ አይደለም። ያንቺ ድርጅት ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የምትለብሺው ሰደሪያ ግን በዚያው እምነት ነው የሚሠራው። «የእኛ ልጅ» ተብለሽ ተመርጠሽ፣ በሚቀጥለው ክረምት ብርድ ልብስ ስታድዪ ከሰልፉ ኋላ የቆመችው ሴት «የእነሱ ልጅ ናት፣ ለእኛ አይደርሰንም» ብትል ምን ትመልሺላታለሽ? ክርሽንስ ማን አምኖ ያስራል?

ሰፈር ልጆቹን አትስደቢያቸው፤ የወደዱሽ መስሏቸው ነው። ዘርና ሃይማኖት የጻፈውን ለብቻው ጠርተሽ አነጋግሪው። ለሌሎቹ አንድ መልእክት ብቻ ጻፊ፦ ቡድኑ ተዘግቷል፣ ልታግዙኝ ከፈለጋችሁ ቅዳሜ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና አለ ኑ በዪ። ስንቱ እንደሚመጣ ታያለሽ።

እናትሽ የጠየቁት ጥያቄ ከሁሉም የበሰለው ነው፤ ቸል አትበዪው። ደመወዝ ከሌለው የትራንስፖርቱን ማን ይከፍላል? የኢንተርኔቱንስ? ስብሰባው በወር ስንት ጊዜ ነው? በውጭ አገር ሰዓት 16፡00 የተባለ የጄኔቫ ስብሰባ በእነሱ ክረምት እዚህ ማታ 12 ሰዓት ነው፤ ከሥራ ወጥተሽ ታክሲ ላይ ሆነሽ ልትሰበሰቢ ነው ማለት ነው። ሰነዱም ብዙ ነው፣ አብዛኛው ሥራ ማንም የማያይሽ ሌሊት ላይ ማንበብ ነው። አሠሪሽንም አሁኑኑ አነጋግሪ፤ ለጉባኤ አንድ ሳምንት ፈቃድ ስትጠይቂ በዚያን ጊዜ ገና ስለ ድርጅቱ ማስረዳት እንዳትጀምሪ። መልሶቹን በወረቀት ጽፈሽ ለእናትሽ አንብቢላቸው። ምናልባት አሁንም «ምን ያደርግልሻል» ይሉ ይሆናል። ግን ክሩ የእሳቸው ነበር፤ ታሪኩን ልትናገሪ መሆኑን ስትነግሪያቸው ፊታቸውን እዪ።

እንግዲህ ግቢበት። ብትሸነፊ ሰደሪያሽን የሚያስወልቅሽ የለም፤ ቅዳሜ ሥልጠናው ይቀጥላል።

አንድ ነገር ብቻ አሳስቦኛል። ቅጹ የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ ነው ብለሻል። በእኛ ወር ነው ወይስ በእነሱ? ዛሬውኑ አረጋግጪ።