ከኋላዬ እየተከተለ የሚቀርፅ ድሮን

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ምኖረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋ ሄንስ ፖይንት ሳይክል እንነዳለን። ለልደቴ ዲጄአይ ሚኒ 4 ፕሮ ገዙልኝ፣ 249 ግራም ስለሆነ ምንም ፈቃድ አይፈልግም አሉኝ። እየነዳሁ ከኋላ እንዲከተለኝ አድርጌ ዩቲዩብ ላይ ልለቅ አስቤያለሁ። ለፋሲካ አዲስ አበባ ይዤው ብሄድስ?

መልስ፦ እንኳን ተወለድክ ወንድሜ፣ ጥሩ ዕቃ ነው የገዙልህ። ሄንስ ፖይንትን ግን እርሳው። ከውሃው ማዶ ሚታይህ እኮ የዋሽንግተን ዲሲው ሬገን ኤርፖርት ነው! ከኤርፖርቱ ዙሪያውን 15 ማይል ድረስ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማስነሳት ክልክል ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግም አርሊንግተንም አሌክሳንድሪያም እዛው ውስጥ ናቸው፣ ስለዚ ጓሮህ ውስጥ ለሙከራ ብለህ ብታስነሳውም ያው ነው። ከ250 ግራም በታች ለመዝናኛ ከሆነ ምዝገባ አይጠየቅም ያሉህ ልክ ነው፣ ግን ክብደቱ ከምዝገባ ያድንህ ይሆናል እንጂ ከክልከላው አያድንህም፣ ትረስት ሚባለውን ነፃ የኦንላይን ፈተናም ያው መውሰድ አለብህ። ድሮኑ ተነሳልኝ ብለህም እንዳትሸወድ፣ ድሮ ዲጄአይ ራሱ ነበር ሚከለክልህ፣ ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ማስጠንቀቂያ አሳይቶ ዝም ነው።

ብሔራዊ ፓርኮችም ከ2014 ጀምሮ ከልክለዋል፣ ስካይላይን ድራይቭ ላይ ያሰብከው ካለ እሱም ቀረ። ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለችው ፐርሰልቪል ብትወጡ ግን ከኤርፖርቱ 30 ማይል ድረስ ካለው ሁለተኛ ቀለበትም ውጪ ናችሁ፣ የጠጠር መንገዱ ደሞ ለቪዲዮ ሲያምር! ከመነሳትህ በፊት የተከለከሉ ቦታዎችን ካርታ አፕ ላይ እይ፣ ከ400 ጫማ በላይ አትውጣ።

አሁን ወደ ዋናው። እየነዳህ ከኋላ ይከተለኝ ያልከው ነገር አልተመቸኝም። ሕጉ ድሮኑን በዓይንህ እያየህ ነው ሚልህ፣ አንተ መንገድ እያየህ፣ ፍሬን ይዘህ፣ መኪና እየሸሸህ እንዴት ነው ከኋላህ ያለውን ምታየው? ሴንሰር አለው እሺ፣ ግን ቀጭን ቅርንጫፍና የመብራት ሽቦ አያይም፣ ሲመታ ደሞ ከኋላህ የሚመጣው ልጅ ላይ ነው ሚወድቀው። ከናንተ አንዱ ይውረድና ክፍት መታጠፊያ ጋ ቆሞ ያብርር፣ ሌሎቻችሁ ሁለቴ ሦስቴ እለፉለት። ዝቅ አድርጎ ከጎን ይያዛችሁ፣ ከላይ የተቀረፀ ሳይክል የቆመ ነው ሚመስለው። በሰከንድ 30 ፍሬም ከሆነ ሻተሩን 1/60 ሰከንድ ያድርገው፣ ቀን ፀሐይ ላይ ለዛ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ መስታወት) ያስፈልጋል፣ ያለሱ ሻተሩ ይፈጥንና የጎማው ሽቦዎች አንድ በአንድ ሚቆጠሩ ደረቅ ይሆናሉ፣ ፍጥነቱ ሁሉ ይጠፋል።

ዩቲዩቡ ለገንዘብ ከሆነ መዝናኛ መሆኑ ይቀራል፣ ፓርት 107 ሚባለውን ለሥራ የሚያበሩ ሰዎች ፈተና በ175 ዶላር ትወስዳለህ፣ ያኔ 249 ግራሙም ይመዘገባል፣ 5 ዶላር ለ3 ዓመት።

ለፋሲካ ቤት ተወው። አገር ቤት ድሮን ያለ ቅድሚያ ፈቃድ አይገባም፣ ጉዳዩ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ጋ ነው፣ ያለ ወረቀት ቦሌ ከደረስክ ጉምሩክ ይይዝብሃል፣ ዕረፍትህም ቢሮ ለቢሮ ስትዞር ያልቃል። ለእንጦጦ ዳገት ሄልሜት ላይ ምትታሰር አክሽን ካሜራ በቂ ናት።